ቢት፣ ማይክና መብራት፦ የሂፕ ሆፕ ፕሮዲዩሰር ሥራ በወላይታ

የሂፕ ሆፕ ፕሮዲዩሰርና የስቱዲዮ ድምፅ ባለሙያ በትልልቅ ከተሞች ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። አንዱ ቢቱን ይሠራል፤ ከበሮውን፣ ቤዙንና ዜማውን ያቀናብራል። ሌላው ድምፅ ይቀርጻል፣ ያጸዳል፣ ሚክስ ያደርጋል። በወላይታ ሶዶ ባለ አንድ ክፍል ስቱዲዮ ውስጥ ግን ሁለቱም ያው አንድ ሰው ነው። ብዙ ጊዜ በሩን የሚከፍተው፣ ጀነሬተር የሚያስነሳው፣ ሥራው ሲያልቅም ዩቲዩብ ላይ የሚጭነው እሱው ነው።

ዕቃው ብዙ አይደለም። አንድ ላፕቶፕ፣ ሁለት ማይክ የሚቀበል ሳውንድ ካርድ፣ አንድ ኮንዴንሰር ማይክ፣ ጥንድ ሞኒተር ስፒከር፣ ሁለት ሄድፎንና ባለ 25 ቁልፍ ሚዲ ኪቦርድ ካለ ሥራ ይጀመራል። ግድግዳው ላይ ፎም ወይም ብርድ ልብስ ተለጥፏል። ራፐሩ ግጥሙን ስልኩ ላይ ጽፎ፣ ሁለት ሦስት ጓደኞቹን አስከትሎ ይመጣል። ቢት መርጦ ከመጣ ቀረጻው ወዲያው ይቀጥላል፤ ካልመረጠ ቢቱ እዚያው ዓይኑ እያየ ይሠራል፣ ጓደኞቹም በየመሀሉ ሐሳብ ይሰጣሉ፤ አብዛኛው ሐሳብ «ቤዙን ጨምረው» የሚል ነው።

ከላፕቶፑ እስከ ማይኩ ያለው ዕቃ ሁሉ የተሠራው ሌላ አገር፣ ሌላ ሙዚቃና ሌላ አፍ ታስቦ ነው። ፕሮግራሙ ሲከፈት ምቱ አራት በአራት ሆኖ ይጠብቃል። የድምፅ ማስተካከያው አሥራ ሁለቱን የፒያኖ ድምፆች ይዞ ይነሳል። የአጠቃቀም መመሪያውም መብራት ይጠፋል የሚል ሐሳብ የለውም። በሶዶም ሆነ በአዲስ አበባ የአቀናባሪው ሙያ በአብዛኛው የሚለየው ከዚህ ተሰጥቶ ከመጣ ልማድ የትኛውን ተቀብሎ የትኛውን ማፍረስ እንዳለበት በማወቁ ነው።

ከሸክላ እስከ ላፕቶፕ

ሂፕ ሆፕ ተወለደ የሚባልበት ቀን ነሐሴ 5 ቀን 1965 ዓ.ም ነው። ያን ዕለት በኒው ዮርክ፣ ብሮንክስ፣ ሴጅዊክ ጎዳና 1520 ቁጥር ሕንፃ ውስጥ ዲጄ ኩል ኸርክ እኅቱ ባዘጋጀችው ጭፈራ ላይ ሸክላ ያጫውት ነበር። ያስተዋለው ነገር ቀላል ነው፤ ሰዉ ይበልጥ የሚጨፍረው ዘፋኙ ዝም ብሎ ከበሮው ብቻውን በሚቀርባት አጭር ቦታ ላይ ነው። ስለዚህ አንድ ዓይነት ሁለት ሸክላ በሁለት ማጫወቻ ላይ አድርጎ ያችን ቦታ እየደጋገመ ያስረዝማት ነበር። ዛሬ በኮምፒውተር ሉፕ የሚደረገው ነገር ሁሉ መነሻው ይህ የእጅ ሥራ ነው።

ከዚያ በኋላ ማሽኖቹ መጡ። የጃፓኑ ሮላንድ እ.ኤ.አ. በ1980 ቲ አር-808 የተባለውን የከበሮ ማሽን አወጣ። ድምፁ እውነተኛ ከበሮ አይመስልም ተብሎ ብዙም ሳይሸጥ እ.ኤ.አ. በ1983 ምርቱ ቆመ። ዋጋው ወርዶ ያገለገለው ማሽን ገንዘብ የሌላቸው ወጣቶች እጅ ሲገባ ግን ረጅሙና ዝቅተኛው የቤዝ ድምፁ የሂፕ ሆፕ መሠረት ሆነ። እስከ ዛሬ በየስቱዲዮው «ኤይት ኦ ኤይት» የሚባለው ቤዝ ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። አካይ ከሮጀር ሊን ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1988 ያወጣው ኤም ፒ ሲ 60 ከሌላ ሙዚቃ የተቆረጠ ድምፅ በጣት እየተመታ እንዲጫወት አስቻለ። ቤልጅየም ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1997 ፍሩቲ ሉፕስ በሚል ስም የወጣው፣ የዛሬው ኤፍ ኤል ስቱዲዮ፣ ያን ሁሉ ወደ አንድ ኮምፒውተር አስገባው። የሶዶ ወጣት ሳይሸጥና ሳይለውጥ ቢት ሜከር መሆን የቻለው ከዚህ ወዲህ ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ ስቱዲዮ የመጣው በሌላ መንገድ ነበር። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ ሬከርድስን ሲመሠርት ባንዱ በሙሉ ተሰልፎ፣ ዘፋኙም አብሮ ቆሞ ነበር የሚቀረጸው፤ አንዱ ነፊ ከሳተ ሁሉም ከመጀመሪያው ይጀምራል። ከ1966 ዓ.ም አብዮት በኋላ ሰዓት እላፊ የምሽት ክበቦችን ሲያዳክም ካሴት የሸክላን ቦታ ያዘ፤ ኪቦርድም ቀስ በቀስ የነፊዎቹን። በዚያው ዘመን በዋሽንግተን የነበሩት ቴዎድሮስ አክሊሉ፣ ሔኖክ ተመስገንና አበጋዙ ክብረወርቅ ሺኦታ በአድማስ ባንድ ስም እ.ኤ.አ. በ1984 «ሰንስ ኦፍ ኢትዮጵያ» የተባለ በሲንተሳይዘር የተሞላ አልበም አወጡ። ጥቂት ሰዎች ከብዙ ማሽን ጋር ተቀምጠው የሐበሻ ዜማ መሥራት እንደሚችሉ የታየበት ቀደምት ሥራ ነው።

የኢትዮጵያ ሙዚቃ ደግሞ ራሱ ሳያውቅ ሂፕ ሆፕ ውስጥ ገብቷል። እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ በፍራንሲስ ፋልሴቶ አዘጋጅነት የወጣው የ«ኢትዮፒክስ» ተከታታይ ሲዲ የድሮዎቹን ሸክላዎች ለውጭ ሰው ጆሮ ካደረሰ በኋላ ቢት ሜከሮች ቆርጠው ይጠቀሙባቸው ጀመር። ናስና ዴሚያን ማርሊ እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጡት «አዝ ዊ ኢንተር» ሥር የሚሰማው የሙላቱ አስታጥቄ «የገሌ ትዝታ» ነው። የካሊፎርኒያው ኦ ኖ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2009 ከኢትዮጵያ ሸክላዎች ብቻ የተቆረጠ ሙሉ አልበም አወጣ። አገር ቤት ቴዲ ዮ የጉራጌን ምት ከሬጌቶን ጋር አጋብቶ «ጉራጌቶን» አለ፤ ልጅ ሚካኤል የአማርኛ ራፕን ብዙ ሰው ወደሚያዳምጠው የአልበም ገበያ አመጣ፤ ሮፍናን በ2010 ዓ.ም «ነጸብራቅ» ላይ የየብሔረሰቡን ድምፅ ከኤሌክትሮኒክ ቢት ጋር አዋሐደ። ከወላይታ ስማቸው የሚነሳው ካሙዙ ካሳና ወንድሙ ጊልዶ ካሳም በቅንብር የሚታወቁ በመሆናቸው፣ ለሶዶ ጀማሪ አቀናባሪነት ሩቅ አገር ያለ ሙያ አይደለም።

ምቱ

ቢት አብዛኛውን ጊዜ ከከበሮ ይጀምራል። በኤፍ ኤል ስቱዲዮ 16 ትናንሽ ካሬዎች በአንድ መስመር ይደረደራሉ፤ ካሬ ሲበራ ከበሮ ይመታል። 16ቱ ለአራት ይካፈላሉ፤ ይህ ቡም ባፕና ትራፕ ለሚባሉት የሂፕ ሆፕ ዓይነቶች ይመቻል። ለችክችካ ግን አይሆንም። ችክችካ ስድስት በስምንት የሚቆጠር፣ ሦስት ሦስት እየሆነ የሚሄድ ምት ስለሆነ 16ቱ ካሬ ላይ ሲጫን አንድ ጎኑ ይተርፋል። ጀማሪው ይህን ሳያውቅ በግድ ያስገባውና «ለምን አይወዛወዝም?» እያለ ሌሊቱን ያድራል።

መፍትሔው የካሬውን ቁጥር 12 ማድረግ ወይም መስመሩን ወደ ትሪፕሌት፣ ማለትም ወደ ሦስት ሦስት ክፍፍል፣ መለወጥ ነው። እዚህ ላይ አንድ የሚያስደስት ግጥምጥሞሽ አለ። የትራፕ ሃይ ሃት በትሪፕሌት መንቀጥቀጥ ይወዳል፤ የራፐሩም ቃል ብዙ ጊዜ ሦስት ሦስት እየሆነ ይወርዳል። አንድ ባር ትራፕ በትሪፕሌት ሲከፈል 12 ይሆናል፤ ሁለት የችክችካ ባርም 12 ነው። ስለዚህ በደቂቃ 140 ምት (140 ቢፒኤም) በሚሄድ ትራፕ ሥር ሁለት ዙር ችክችካ ያለ ምንም ጭንቀት ይቀመጣል። ሁለቱን ያጣላቸው የፕሮግራሙ መስመር እንጂ ሙዚቃው አይደለም።

የወላይታ ዘፈን የራሱ ጣጣ አለው። ጭፈራው ከወገብ ነው፤ ምቱን የሚሸከመው ከበሮና የእጅ ጭብጨባ፣ ከዚያም መሪው ሲያወጣ የሚቀበለው ሕዝብ ነው። ጭብጨባው ከኮምፒውተሩ መስመር ጥቂት ቀድሞ ወይም ጥቂት ዘግይቶ ያርፋል፤ ጣዕሙም እዚያ ላይ ነው። ፕሮግራሙ ደግሞ ኳንታይዝ የምትባል ቁልፍ ሰጥቶታል፤ አንዴ ከተጫነች ሁሉንም ምት መስመሩ ላይ አሰልፋ ታርፋለች። ያን ጊዜ ጭብጨባው ልክ ይሆናል፣ ዘፈኑ ይሞታል። ጆሮ ያለው ባለሙያ ራፐሩን የተከተሉትን ጓደኞች ማይኩ ፊት አቁሞ እውነተኛ ጭብጨባ ይቀርጻል፤ ሦስት አራት ጊዜ ደራርቦ ብዙ ሰው ያስመስለዋል፤ ኳንታይዝ የሚያደርገው የቤዝ ከበሮውን ብቻ ነው። አድማቂዎቹ ሻይ ሳይጋበዙ በነፃ ይገኛሉ።

ከኦሞ ማዶ ዳውሮ ውስጥ ዲንካ የሚባሉ ረጃጅም የትንፋሽ መሣሪያዎች አሉ። እያንዳንዱ ነፊ ጥቂት ድምፅ ብቻ ያወጣል፤ ዜማው የሚፈጠረው ነፊዎቹ ተራ በተራ ሲገቡ ነው። ወላይታም ከቀርከሃና ከቀንድ የሚሠሩ የራሱ የትንፋሽ መሣሪያዎች አሉት። ለሳምፕል ከዚህ የተሻለ ነገር አይገኝም። እያንዳንዱን ድምፅ ለየብቻ ቀርጾ በሚዲ ኪቦርዱ ቁልፎች ላይ መደልደል፣ ከዚያም ተራ አስይዞ ማጫወት ይቻላል። ነገር ግን ብዙው ቢት ሜከር ከኢንተርኔት ያወረደውን የአሜሪካ ሳምፕል ይመርጣል፤ ስለሚቀለው ነው። ውጤቱም ከናይሮቢ እስከ አትላንታ ከሚሰማው ጋር አንድ ዓይነት ይሆናል።

ክፍሉ

የሚከራየው ክፍል አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ሜትር በሦስት ሜትር ነው። ለመኖሪያ ይበቃል፤ ለድምፅ ግን አራት ማዕዘኑ እኩል የሆነ ክፍል በጣም መጥፎ ቅርጽ ነው። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ በሦስት ሜትር ግድግዳዎች መሀል 57 ኸርዝ አካባቢ ያለው ቤዝ እየተመላለሰ ይከማቻል። ርዝመቱና ስፋቱ እኩል ሲሆን ክምችቱ በሁለቱም አቅጣጫ እዚያው ቁጥር ላይ ይወድቃል። 57 ኸርዝ ደግሞ ልክ 808 ቤዝ የሚኖርበት ሰፈር ነው። ባለሙያው ጥግ ላይ ተቀምጦ ሲሰማ ቤዙ የበዛ ይመስለውና ይቀንሳል፤ ክፍሉ መሀል ቆሞ ሲሰማ ያነሰ ይመስለውና ይጨምራል። ሁለቱም ጊዜ የሚነግረው ክፍሉ ነው።

ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው አምስት ሴንቲ ሜትር ፎም ለዚህ ችግር አይደርስም፤ የሚይዘው በአብዛኛው መካከለኛውንና ከፍተኛውን ድምፅ ነው። የእንቁላል ካርቶን ከዚያም ያነሰ ነው፤ የጎረቤትን ዶሮ ጩኸት አይከለክልም፣ ቤዝም አይውጥም፣ በፎቶ ላይ ግን ስቱዲዮ ያስመስላል። የሚረዳው ውፍረት ነው። የጥጥ ፍራሽ በየጥጉ ማቆም፣ ከግድግዳው ትንሽ አርቆ ወፍራም ብርድ ልብስ መስቀል፣ ልብስ የሞላ ቁም ሣጥን ከጀርባ ማድረግ ከውድ ፎም የበለጠ ይሠራል። ማይኩም ልብስ በተሰቀለበት ጥግ ሲቆም ድምፁ ደረቅና ቅርብ ይሆናል፤ ራፕ የሚፈልገውም እሱን ነው።

ጣራው ቆርቆሮ ነው። ክረምት ሲገባ ከሰዓት በኋላ ዝናብ ሲጀምር ቀረጻ ይቆማል፤ ኮንዴንሰር ማይክ ጠብታውን አንድ በአንድ ይለቅማል። ስለዚህ ከሰኔ እስከ መስከረም ድምፅ የሚቀረጸው ጠዋት ነው፤ ዝናቡ ሲመጣ ባለሙያው ወደ ሚክስ ይዞራል። ባጃጅ ግን ወቅት የለውም። ከመንገድ ዳር ያለ ስቱዲዮ ውስጥ ጥሩ የተባለው ቨርስ በባጃጅ ሞተር ምክንያት ሲደገም ማየት የተለመደ ነው።

ሥራውን የሚያቋርጠው ሌላው ነገር መብራት ነው። ከሶዶ ወደ ምዕራብ የኪንዶ ዲዳዬ ወረዳ ከተማ ሃላሌ አለች። ከዚያ ወርዶ በኦሞ ወንዝ ላይ፣ ወላይታና ዳውሮ በሚዋሰኑበት ቦታ፣ ታኅሣሥ 2009 ዓ.ም የተመረቀው ጊቤ 3 ግድብ ይገኛል። ቁመቱ 243 ሜትር ነው፤ 1,870 ሜጋ ዋት ያመነጫል። ይህን ያህል ኃይል በደጁ የሚመነጭለት አካባቢ ስቱዲዮ ከጀነሬተርና ከዩፒኤስ ጋር መኖሩ ለእንግዳ ሰው ይገርመዋል። መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ በባትሪው ይቀጥላል፤ የሚጠፉት ሞኒተሮቹ ናቸው። ሳውንድ ካርዱ ከላፕቶፑ ኃይል የሚወስድ ዓይነት ከሆነ በሄድፎን መሥራት ይቻላል። በየደቂቃው ሴቭ ማድረግ የባለሙያው ጣት ልማድ ነው።

መብራት ሲኖርም ሌላ ነገር አለ። የአገሪቱ ኤሌክትሪክ በ50 ኸርዝ ይርገበገባል፤ የመሬት ሽቦ ያልተዘረጋለት ቤት ውስጥ ይህ ንዝረት «ሁምምም» እያለ በማይክ ገመድ ይገባል። 50 ኸርዝ በሙዚቃ ቋንቋ ከታችኛው ጂ፣ ማለትም ከ49 ኸርዝ፣ ጥቂት ከፍ ብሎ የሚገኝ ድምፅ ነው። ቢቱ በጂ የተቃኘ ከሆነ ሁሙ ከ808ቱ ሥር ይደበቃል፤ በሌላ ቅኝት ከሆነ ግን የተበላሸ ቤዝ ሆኖ ይሰማል። ባለሙያው ኢኮላይዘር ከመንካቱ በፊት የላፕቶፑን ቻርጀር ነቅሎ ይሞክራል። ብዙ ጊዜ ችግሩ እዚያ ላይ ያበቃል።

ድምፁ

ራፐሩ ማይኩ ፊት ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ርቆ ይቆማል። ሲቀርብ ድምፁ ወፍራም ይሆናል፣ ትንፋሹ ግን ይገባል፤ ሲርቅ ክፍሉ መሰማት ይጀምራል። ባለሙያው መጀመሪያ የሚያስተካክለው የመግቢያውን መጠን ነው። ራፐሩ ሲሞክር ለስለስ አድርጎ ይላል፣ ቀረጻ ሲጀመር ይጮኻል፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። ስለዚህ ጫፉ ከዜሮ በታች ከ6 እስከ 10 ዴሲቤል ቦታ እንዲተርፈው ተደርጎ ይቀረጻል፤ በ24 ቢት ዲጂታል ጥራት ሲቀረጽ ዝቅ ማለቱ አይጎዳም። ከዜሮ ያለፈ ድምፅ ግን ተቆርጦ ይቀራል፣ በምንም ፕለጊን አይመለስም።

በሄድፎን የሚሰማው የራሱ ድምፅ ከዘገየ ራፐሩ ከቢቱ ይወጣል። መዘግየቱ የሚወሰነው ኮምፒውተሩ በአንድ ጊዜ በሚይዘው የናሙና ብዛት ነው። በ48,000 ኸርዝ 256 ናሙና አምስት ሚሊ ሰከንድ ያህል ነው፤ ጆሮ አያስተውለውም። 1,024 ሲሆን ከ21 ሚሊ ሰከንድ ያልፋል፤ ፈጣን ራፕ ላይ ይህ ብዙ ነው። አሮጌ ላፕቶፕ ደግሞ ቢቱ በሃያ ሠላሳ መስመር ተጭኖበት 256 ላይ ይንተባተባል። መላው ቢቱን ወደ አንድ የስቴሪዮ ፋይል አውጥቶ፣ ባዶ ፕሮጀክት ውስጥ አስገብቶ፣ በዚያ ላይ መቅረጽ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው የመማሪያ ቪዲዮዎች የማያነሡት ነገር ነው። በዩቲዩብ ስለ ኮምፕረሰር፣ ማለትም የጎላውን ድምፅ ስለሚጨምቀው መሣሪያ፣ የሚሰጠው ትምህርት የእንግሊዝኛን አፍ ያሰበ ነው። አማርኛና ወላይትኛ እንደ ቀ፣ ጠና ጨ ያሉ፣ ጉሮሮ ተዘግቶ የሚፈነዱ ድምፆች አሏቸው። ትንፋሽ ስለሌላቸው ማይኩን አይነፉትም፤ ግን እንደ ጥፍር ምት አጭርና ስለታም ጫፍ ይሠራሉ። «ቀጥ ብለህ ቁም» የመሰለ ሐረግ በስክሪኑ ላይ ሲታይ ቀ፣ ጥ እና ቁ ብቻቸውን ወደ ላይ ተሰክተው ይቆማሉ። ኮምፕረሰሩ እጅግ ፈጥኖ ከያዛቸው ግጥሙ ጥርስ ያጣል፤ በጣም ከዘገየ ደግሞ ጆሮ ይወጋሉ። አንዳንዱ ባለሙያ መጀመሪያ እነዚያን ጫፎች ብቻ በእጁ ሁለት ሦስት ዴሲቤል ዝቅ አድርጎ፣ ከዚያ ኮምፕረሰሩን በዝግታ ያሠራል። አድካሚ ነው፤ ግን ቃል በቃል ይሰማል።

የሚጠብቁ ፊደላትም ጊዜ ይበላሉ። «አለ» እና «አለ» በጽሑፍ አንድ ናቸው፤ ሲነገሩ አንዱ ላልቶ አንዱ ጠብቆ ነው፤ የጠበቀው በቢቱ ላይ ተጨማሪ ቦታ ይይዛል። ወላይትኛ ላይ ደግሞ የአናባቢ መርዘምና ማጠር ትርጉም ይለያል። ስለዚህ ዘግይቶ የወደቀን ቃል በፕሮግራም ስቦ ወይም ጨምቆ ምቱ ላይ የሚያስቀምጥ ባለሙያ ቋንቋውን ካልሰማ ሌላ ቃል ሊያደርገው ይችላል። አስተማማኙ መንገድ መስመሩን እንደገና ማስባል ነው።

ግጥም ላይ ባለሙያው አስተያየት መስጠት አለበት ወይስ ዝም ማለት? የሚከፍለው ሰው ራፐሩ ነውና ብዙዎቹ ዝም ይላሉ። አማርኛም ወላይትኛም ግሥን መጨረሻ ላይ ስለሚያደርጉ ቤት መምታት ቀላል ነው፤ ሁሉም መስመር በ«አለሁ» ወይም በ«ኛል» ሊያልቅ ይችላል። ይህ ቅለት ለራፐር ወጥመድ ነው። ጎበዙ ቤቱን ወደ መስመሩ መሀል ያስገባል፣ ግሡን ያዘገያል፣ አንዳንዴም ይጥለዋል። ይህን አይቶ የሚናገር ፕሮዲዩሰር ከቢት ሻጭ ይበልጣል።

ቨርሱ ከተያዘ በኋላ ዳብል ይቀረጻል፤ የመስመሩ መጨረሻ ቃላት ብቻ እንደገና ተብለው ከዋናው ሥር ዝቅ ብለው ይቀመጣሉ። አድ ሊቡ፣ ማለትም በየመሀሉ ጣል የሚደረገው ቃል፣ በግራና በቀኝ ይበተናል። ሁኩ፣ ማለትም አዝማቹ፣ አራት አምስት ጊዜ ይደራረባል። በዚህ ሰዓት ነው ጓደኞቹ ሁሉ ማይኩ ፊት የሚሰለፉት።

ሁኩ ዜማ ካለው ኦቶ ቲዩን ይመጣል። መሣሪያውን የፈለሰፉት አንዲ ሂልድብራንድ በድምፅ ሞገድ የነዳጅ ፍለጋ መረጃ የሚተነትኑ ሰው ነበሩ፤ ለገበያ የወጣውም እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። ሥራው የተዘፈነውን ድምፅ በአቅራቢያው ወዳለው የተፈቀደ ኖታ መግፋት ነው። እንደመጣ ከተተወ አሥራ ሁለቱን ይፈቅዳል፤ ሜጀር ከተባለ ሰባቱን። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ግን አምስት አምስት ድምፅ ብቻ ነው ያላቸው። አንቺሆዬ የሚያዜም ልጅ ድምፅ ሜጀር ላይ በተተወ ኦቶ ቲዩን ውስጥ ሲያልፍ ቅኝቱ ፈርሶ ይወጣል። አምስቱን ብቻ አስቀርቶ ሌሎቹን ማጥፋት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። የወላይታ ዜማ ከአራቱ ቅኝቶች በአንዱ ሥር ሁልጊዜ አይገባም፤ ስለዚህ መጀመሪያ ዜማውን በኪቦርድ ፈልጎ የትኞቹን ድምፆች እንደሚረግጥ ማወቅ ይበጃል። ሲንሸራተት የሚያምር ድምፅ ካለ ደግሞ መሣሪያውን እዚያ ቦታ ላይ ማጥፋት ነው።

ሚክስና ባጃጅ

ሚክስ ማለት እያንዳንዱ ድምፅ የራሱ ቦታ እንዲያገኝ ማድረግ ነው። በሂፕ ሆፕ ሁለት ነገሮች አይነኩም፤ ቃሉ መሰማት አለበት፣ ቤዙም መምታት አለበት። ቤዝ ከበሮውና 808ቱ አንድ ቦታ ላይ ስለሚጋፉ ከበሮው በመታ ቁጥር 808ቱ ለቅጽበት ዝቅ እንዲል ይደረጋል። ክራር ወይም ሌላ የክር መሣሪያ ከገባ ከራፐሩ ድምፅ ጋር ከ1,000 እስከ 4,000 ኸርዝ ባለው ቦታ ይጣላል፤ ክራሩ እዚያ ላይ ትንሽ ይቆረጣል ወይም ወደ ጎን ይገፋል።

ትልቁ ጥያቄ ግን ሰሚው በምን ይሰማል የሚለው ነው። አብዛኛው ሰው በስልክ ስፒከር ይሰማል፤ የስልክ ስፒከር 50 ኸርዝን ጨርሶ አያወጣም። 808ቱ በስቱዲዮ ሞኒተር ደረት ሲያንቀጠቅጥ በስልክ ዝም ነው። ስለዚህ ቤዙ ላይ ሳቹሬሽን ይጨመራል፤ በ100፣ በ150፣ በ200 ኸርዝ የሚሰሙ ልጆች ይወለዱለታል። ጆሮ እነዚያን ሰምቶ የጎደለውን መሠረት ራሱ ይሞላል። ሌላው ሰሚ ባጃጅ ውስጥ ነው፤ እዚያ ደግሞ ከመቀመጫው ጀርባ ያለው ስፒከር ቤዙን ከሚገባው በላይ ያጎላዋል። ጠንቃቃ ባለሙያ ሚክሱን በስልኩ ይዞ የሚያውቀው ባጃጅ ውስጥ ገብቶ አንድ ዙር ያዳምጣል፤ ቃሉ በሞተሩ ድምፅ ውስጥ ካልተሰማ ተመልሶ ያስተካክላል።

ማስተሪንግ ላይ የድምፅ ጉልበት ፉክክር አለ፤ ሁሉም የራሱ ዘፈን ከሌላው እንዲጮኽ ይፈልጋል። ዩቲዩብ ግን ኤል.ዩ.ኤፍ.ኤስ በሚባለው የድምፅ ጉልበት መለኪያ ከ-14 የበለጠ የጮኸውን ዝቅ አድርጎ ነው የሚያጫውተው። ተጨፍልቆ የጮኸው ሥራ እዚያ ሲደርስ ከሌሎቹ ጋር እኩል ይሆናል፤ የተጨፈለቀው ከበሮ ግን አይመለስለትም።

ገንዘቡና መብቱ

ሶዶ ውስጥ ከሂፕ ሆፕ ብቻ ስቱዲዮ ማስተዳደር ከባድ ነው። የኤስ አይ ኤም ሚሲዮናውያን እ.ኤ.አ. በ1928 ከገቡ ወዲህ የወንጌላውያን እምነት ሥር የሰደደበት አካባቢ በመሆኑ የስቱዲዮው ቋሚ ሥራ መዝሙር ነው። መስከረም ሲቃረብ ለወላይታ ዘመን መለወጫ፣ ለጊፋታ፣ የሚወጡ ዘፈኖች ይመጣሉ። ማስታወቂያ፣ የሠርግ ዘፈንና የምርቃት ቪዲዮ ድምፅ ቀሪውን ይሞላሉ። ይህ ለሂፕ ሆፕ ጉዳት ብቻ አይደለም። መዝሙር ላይ የብዙ ድምፅ ኳየር መቅረጽ የተማረ እጅ የራፕ ሁክ ሲደራርብ ይታወቃል።

ክፍያው በሰዓት ወይም በዘፈን ነው። ጭቅጭቅ የሚነሣው ከክፍያው በኋላ ነው፤ ቢቱ የማን ነው? የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ በ2007 ዓ.ም በአዋጅ ቁጥር 872 የተሻሻለው፣ ቅንብርን ጭምር ይጠብቃል። የሥራ አመንጪ መብት ዕድሜውን ሙሉና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይቆያል። ይሁን እንጂ በቅጥር ወይም በአገልግሎት ውል የተሠራ ሥራ የገንዘብ መብት፣ በውል ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ላሠራው ሰው ነው። ስለዚህ ራፐር ከፍሎ ያሠራው ቢት ያለ ጽሑፍ ከሄደ ቢት ሜከሩ በኋላ የሚከራከርበት እግር የለውም። አንድ ገጽ ወረቀት ይበቃል፤ ግጥሙ የእገሌ፣ ዜማው የእገሌ፣ ቅንብሩ የእገሌ፣ ከሚገኘው ገቢ ድርሻው ይህን ያህል። ወንድማማች ሆነው ስለሚሠሩ ብዙዎቹ ወረቀት ማንሣት ያፍራሉ። ከኢንተርኔት የወረደ ቢትም ባለቤት አለው፤ ዘፈኑ ጥቂት ሺህ ሰው ካየው በኋላ ባለቤቱ ሲጠይቅ የዩቲዩቡ ገቢ ወደ እሱ ይዞራል።

ኤልያስ መልካና ባልደረቦቹ በ2011 ዓ.ም አውታር የተባለውን የሙዚቃ መተግበሪያ ሲያስጀምሩ ያነሡት ጉዳይ ይኸው ነበር፤ ዘፋኙ ብቻ ሳይሆን ገጣሚው፣ የዜማ ደራሲውና አቀናባሪውም ከእያንዳንዱ ሽያጭ ድርሻ እንዲያገኙ። ኤልያስ በመስከረም 2012 ዓ.ም አረፈ። የድርሻ ሐሳቡ ግን በክልል ከተማ ስቱዲዮዎች ዘንድ ገና ልማድ አልሆነም።

የመጨረሻው ሥራ ፋይሉን ማስቀመጥ ነው። በ48,000 ኸርዝና በ24 ቢት አንድ ሞኖ መስመር በደቂቃ 8.6 ሜጋ ባይት ይይዛል፤ ሠላሳ መስመር ያለው የአራት ደቂቃ ዘፈን አንድ ጊጋ ባይት ያህል ነው። ቴሌግራም እስከ ሁለት ጊጋ የሚደርስ ፋይል ስለሚቀበል አዲስ አበባ ላለ ሚክስ አድራጊ የሚላከው በዚያ ነው፤ ኔትወርኩ ደካማ ከሆነ ሌሊት ላይ ተጭኖ ይታደራል። እያንዳንዱ መስመር ከዜሮ ሰከንድ ጀምሮ፣ ያለ ኢፌክት፣ ስሙ ተጽፎበትና የቢፒኤሙ ቁጥር ታክሎበት መውጣት አለበት። አንድ ቅጂ በላፕቶፑ፣ ሌላው በውጭ ሃርድ ዲስክ፣ የድርሻ ስምምነቱም ፎቶ ተነሥቶ በዚያው ፎልደር ውስጥ ይቀመጣል።